መኪናዬ ውስጥ ኢንተርኔት እንዴት እንዳስገባሁ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሥልጠናው፣ ወርክሾፑ፣ ዓመታዊ ጉባኤው እዚህ ነው። የኔ ሥራ ደግሞ እንግዶችን ከቦሌ አየር ማረፊያ ተቀብሎ አዳማ ሆቴላቸው ማድረስ ነው። የምነዳው ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ዛሬ ተሳፋሪ መኪና ውስጥ ገብቶ ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ዋይፋይ ነው። እኔም ለሥራዬ ካርታ፣ ቴሌግራም እና መኪናዬ የት እንዳለች የሚነግረኝ ነገር ያስፈልገኛል። ይህን ሁሉ እንዴት እንዳሟላሁ ልንገራችሁ።

በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪናቸው ትልቅና ያማረ ነው። ግን ካርታው የቻይና፣ የምታወራው ሴትዮ ቻይንኛ ተናጋሪ፣ ኢንተርኔቱም ከቻይና ሳይወጣ የቀረ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ያንን የመሰለ ስክሪን ለኋላ ካሜራና ለብሉቱዝ ዘፈን ብቻ ይጠቀምበታል። ይሄ ያስቆጨኛል። ገንዘቡን ከፍለንበታል እኮ።

ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት፣ መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ኢንተርኔት መኖሩ ነው። አንደኛው ቲ-ቦክስ በሚባለው ትንሽ ሣጥን በኩል የሚገባው ነው። ሣጥኑ ውስጥ የራሱ ሞደም፣ ጂፒኤስ እና ኢሲም አለ። ኢሲም ከፋብሪካው ተበይዶ የሚመጣ ሲም ነው። እንደ ስልክ ሲም አውጥታችሁ በሌላ አትቀይሩትም። በስልካችሁ ሆናችሁ መኪናውን ከሩቅ መክፈት፣ ኤሲ ማስነሳት፣ ባትሪው ስንት እንደደረሰ ማየት የሚቻለው በዚህ በኩል ነው። አገልግሎቱ የተዘጋጀው ለቻይና ስለሆነ እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል። ሁለተኛው ስክሪኑ በዋይፋይ የሚቀበለው ኢንተርኔት ነው። በእጃችን ያለው ይሄኛው ነው።

ይህን ያስረዳኝ ፍራንኮ አካባቢ የሚሠራ ወጣት የመኪና ኤሌትሪሻን ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ቧንቧ ነው። ዋይፋይ ሲሰጧት ስክሪኗ ትጠጣለች፣ ቲ-ቦክሷ ግን ጠብታ አያገኝም» አለኝ። ይቺ ንግግር ብዙ ብር አትርፋልኛለች። ምክንያቱም ዋይፋይ ከገባ የስልክ መተግበሪያውም አብሮ ይሠራል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው አይጠፋም። አይሠራም። ለዚያ ሌላ መላ ያስፈልጋል፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በነገራችን ላይ ሞደሙ መኪናው ውስጥ መበየዱ ሁልጊዜ ጥሩ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ሞተርስ ኦንስታር የተባለውን አገልግሎት በ1996 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ በአናሎግ ኔትወርክ ነበር የሚሠራው። ኔትወርኩ በ2008 ሲዘጋ ያልተሻሻሉት የቆዩ መኪኖች አገልግሎቱን አጡ። በ2022 ደግሞ እዚያው አገር 3ጂ ሲጠፋ ሌሎች መኪኖች ያው ዕጣ ደረሳቸው። መኪና 15 ዓመት፣ 20 ዓመት ይሄዳል። በተለይ እኛ አገር። ኔትወርክ ግን ይለወጣል። ስለዚህ እኔ የሚነቀል፣ ሲያረጅ በሌላ የሚተካ ነገር ፈለግሁ።

በስልኬ ሆትስፖት ነው የጀመርኩት። ምንም ወጪ የለውም፣ እናንተም በሱ ጀምሩ። ለራስ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ለሥራ ግን ያስቸግራል። ስልኩ ካርታም ይዞ፣ ቻርጅም እየተደረገ፣ ዳታም እያደለ በአዳማ ፀሐይ ይግላል። ሲግል ደግሞ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ሌላው ጥሪ ነው። ስልኩ በ4ጂ ላይ ጥሪ የማያስተናግድ ከሆነ ሰው ሲደውል ወደ ታችኛው ኔትወርክ ይወርዳል። ኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያየው ነገር ቀጥ ይላል።

ከዚያ ወደ ዶንግል ሄድኩ። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ፣ ሲም የምትጎርስ፣ ዋይፋይ የምትረጭ ትንሽ ዕቃ ናት። ስትገዙ አራት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የሲም ቀዳዳ ይኑራት። ከቻይና የሚመጡ አንዳንዶቹ የቻይና ሲም ውስጣቸው ተቀብሮ ነው የሚመጡት፤ እነሱ እዚህ አይጠቅሙም። ሁለተኛ፣ ለአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈች አትሁን። ሻጩ ፊት የራሳችሁን ሲም ከታችሁ ሞክሩ። ሦስተኛ፣ 1800 ሜጋኸርትዝን፣ ማለትም ባንድ 3 የሚሉትን ትቀበል። እኛ አገር 4ጂ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ ነው። ካርቶኑ ላይ ይጻፋል።

አራተኛው ለአዳማ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ባትሪ የሌላትን ግዙ። ባትሪ ያላት ዓይነት ለቢሮ ምቹ ናት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ ከውጪው በጣም ይበልጣል፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሙቀት ይጠላል፣ ያብጣል። በቀጥታ ከመኪናው ኤሌክትሪክ የምትሠራዋ ይሄ ጣጣ የለባትም።

ሲሙን ስከት ወዲያው አልሠራም። ዶንግሏ ውስጥ የቻይና ኦፕሬተር ኤፒኤን፣ ማለትም ሲሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት የኦፕሬተሩ መግቢያ ስም፣ ተጽፎ ነበር። የዶንግሏን ዋይፋይ በስልኬ ይዤ በብራውዘሩ 192.168.0.1 ብዬ ገባሁ። የኔ ኦፕሬተር የሚጠቀምበትን ኤፒኤን አስገባሁና ተነሳች። አድራሻው እንደ ዕቃው ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባዋ ላይ ተጽፏል። እዚያው ገጽ ላይ ሳላችሁ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል፣ የገጹንም መግቢያ ቃል ቀይሩ።

የምትሰካበት ቦታ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ የለፋሁት እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የመኪና ዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ዶንግሏ ጮክ ብላ መጣራት ስለሚኖርባት ብዙ ኃይል ትስባለች። ያኔ ኃይሉ ካልበቃት ትጠፋና እንደገና ትነሳለች። ሰው ኔትወርክ የለም ይላል፤ ጉዳዩ ግን የኃይል ነው። እኔ 12 ቮልቱ ሶኬት ላይ ጥሩ ቻርጀር ሰክቼ ከዚያ ሰጠኋት፣ ተረጋጋች። ሶኬቱ መኪናው ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መሆኑንም አረጋግጡ። የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው። እሱ ከተሟጠጠ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሳም።

የእጅ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አትቅበሯት። ብረት ሞገድ ይከለክላል። ሙቀት የሚመልሰው፣ ብረት የተቀላቀለበት የመስታወት ላስቲክም እንዲሁ። ዳሽቦርድ ላይ ብታስቀምጧት ደግሞ ፀሐይ ትጠብሳታለች። እኔ በማስረዘሚያ ገመድ ከፊት ወንበሮች መሃል ከኋላ በኩል፣ ፀሐይ በማይነካት ቦታ አሰርኳት። ለተሳፋሪውም ቅርብ ናት።

ሁለት ሲም እይዛለሁ። ኢትዮ ቴሌኮም ለረጅም ዘመን ብቻውን ነበር፤ ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን አማራጭ አለን። አንዱን ዶንግሏ ውስጥ፣ ሌላውን ስልኬ ላይ አደረግሁ። አንዱ በደከመበት ሌላው ብዙ ጊዜ ይይዛል። ወደ ሶደሬ ወይም ወደ አሰላ ስወጣ ይሄ ጠቅሞኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በየ36 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ታልፋላችሁ። ዶንግሏ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው እየተሸጋገረች ነው የምትሄደው። ሙዚቃና ቪዲዮ ቀድሞ ስለሚጭን መሸጋገሪያው አይታወቅም። የቪዲዮ ጥሪ ግን ይቆራረጣል። ስብሰባ በዙም መግባት የሚፈልግ እንግዳ ካለኝ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ካሜራውን ቢያጠፋው ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዳታው። ሙዚቃ ብዙ አይበላም። በ128 ኪሎቢት ጥራት የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ካርታ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው የሚፈልገው። ቪዲዮ ግን ሌላ ዓለም ነው። በኤችዲ ለአንድ ሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ይሄዳል፤ ሦስት ሰው ኋላ ተቀምጦ ቲክቶክ ሲያይ አስቡት። የሚገርመው ደግሞ ማንም ሳያይ የሚሄደው ነው። ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ ነፃ ነው ብሎ ያስባል። መተግበሪያ ያድሳል፣ ፎቶ ወደ ክላውድ ይልካል፣ ቴሌግራም የግሩፑን ቪዲዮ ሁሉ ያወርዳል። የኔ ጥቅል ገና ቢሾፍቱ ሳንደርስ ያለቀበት ቀን አለ፤ ተሳፋሪዎቹ ግን ስልካቸውን በእጃቸው እንኳ አልያዙም ነበር።

መፍትሔዬ እንዲህ ነው። ዶንግሏ ላይ በአንድ ጊዜ የሚገናኙትን ሰዎች ቁጥር ወሰንኩ። የኔ ዕቃ ለእያንዳንዱ ሰው የፍጥነት ገደብ ማድረግም ትፈቅዳለች፤ ለመልእክትና ለኢሜይል የሚበቃ አድርጌ ተውኩት። የራሴ ስልክና የመኪናው ስክሪን ላይ ደግሞ ይህንን ዋይፋይ በዳታ ቆጣቢ እንዲያዩት አስተካከልኩ። የቴሌግራምን ራስ-ሰር ማውረጃም ዘጋሁ። ዶንግሏ እንደ ስልክ የመደወያ ቁልፍ ስለሌላት ጥቅል ራሷ መግዛት አትችልም። ከስልኬ በቴሌብር ለሌላ ቁጥር የሚለውን መርጬ ለሷ እገዛላታለሁ። የዶንግሏን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ ሲያስፈልግ ነው የሚጠፋው።

ካርታውን ቤት ሆኜ በዋይፋይ አወርዳለሁ። ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቦታችሁን የሚነግራችሁ ሳተላይቱ ነው፣ ያውም በነፃ። ዳታ የሚፈልገው ካርታው ነው። ጉግል ማፕ ላይ አዲስ አበባን፣ አዳማን እና መሃላቸውን አስቀድማችሁ ካወረዳችሁ ኔትወርክ ቢጠፋም መንገዱ አይጠፋም። የመኪናው ስክሪን በአንድሮይድ የሚሠራ ከሆነ እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ በፍላሽ መጫን ይቻል ይሆናል። አዳዲሶቹ ሲስተሞች ይህን እየዘጉት ነው፤ ስለዚህ ስትገዙ ሻጩን አሠርታችሁ እዩ።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ስክሪኑ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር አዲስ ሶፍትዌር ልጫን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ እንግሊዝኛ እንዲያወራ ያስደረጋችሁት ሲስተም ተመልሶ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሲስተሙን የቀየረላችሁን ሰው ጠይቁ።

ከሩቅ መኪናን የማየቱን ነገር በጂፒኤስ መከታተያ ፈታሁት። የራሱ ሲም ያለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከዶንግሏ ጋር አይገናኝም። የሚልከው ቦታና ፍጥነት ብቻ ስለሆነ በየግማሽ ደቂቃው እየላከ እንኳ በወር 20 ሜጋባይት አይሞላም። ብዙዎቹ በ2ጂ ነው የሚሠሩት። ኤሲ አያስነሳልኝም፣ ግን መኪናዬ የት እንደቆመች አውቃለሁ። ባለቤቴም ከቦሌ ሌሊት ስመለስ ሞጆ መድረሴን አይታ ትተኛለች። የዚህ ሲም ችግር መረሳቱ ነው። አይደወልበትም፣ አይሞላም፤ ቆይቶ ሲሙ ይቃጠላል። ስልኬ ላይ የመሙያ ቀን ማስታወሻ አድርጌለታለሁ።

የመከታተያው የይለፍ ቃል ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ 123456 ነው። የዚያኑ ቀን ቀይሩት። እሱን የሚያውቅ ሰው እናንተን ይከታተላል ማለት ነው። አንዳንዱ መከታተያ ደግሞ በኤስኤምኤስ ሞተር ማቋረጥ ይችላል። ይህ የፈሪ ወሬ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ የሚሄድ ጂፕ ቼሮኪን በሞባይል ኔትወርክ በኩል ገብተው ከሩቅ ተቆጣጠሩት። ኩባንያው 1.4 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከል ጠራ። እኔ መከታተያዬ ላይ የሞተር ማቋረጫ ሽቦውን አላስገጠምኩም። ሰው ጭኖ የሚሄድ መኪና ላይ አልፈልገውም።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ ደግሞ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ጉዳይ ሳትጠይቁ ብሩን አትክፈሉ። ስክሪኑ የስልክ ማውጫ፣ የቤት አድራሻ፣ የቴሌግራም አካውንት ይይዛል። ወደ ፋብሪካ ይመለስ በሉ፣ ፊታችሁ ያድርገው። የመከታተያውን ሲም ወይ ያውጣው ወይ በስማችሁ ያዙሩት። ስትሸጡም እንዲሁ አድርጉ፣ ዶንግሏን ግን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሚቀጥለው መኪና ትሆናለች።