ሰባት ነጥብ አምስት በመቶ

ሞን ቫንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከጋራዡ በር ላይ ቆሜ ነው፤ እጄ በቅባት ተለውሶ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ፣ ከወይን ማሳዎች መካከል ብቻውን ብድግ ያለ ተራራ ነው። ጫፉ ነጭ ስለሆነ በሐምሌ ሐሩር በረዶ የተከመረበት ይመስላል፤ በረዶ ሳይሆን ዛፍ የማይበቅልበት የኖራ ድንጋይ ነው። ከፍታው ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። 1,910 ሜትር አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ፒያሳ ከዚህ ይበልጣል። ሰው ከመላው አውሮፓ ብስክሌቱን ጭኖ የሚመጣው አዲስ አበባን የማያክል ከፍታ ላይ ለመድረስ ነው እንዴ?

ሊዮን ከተማ ውስጥ ለዓመታት ብስክሌት ስጠግን ኖሬ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ብቻ ጎብኚዎችን በብስክሌት የሚያዞር አንድ ድርጅት ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ጠዋት ካቴና ማጽዳት፣ ፍሬን ማጥበቅ፣ ካላማዳሪ መለጠፍ፣ ከዚያ ሻንጣና ውኃ ጭኖ በመኪና መከተል ነው። የመንገዱን ወረቀት፣ ማለትም እንግዶቹ በየት አልፈው፣ የት በልተው፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ የሚነግረውን ገጽ፣ የሚያዘጋጁት የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ መሪ ነበሩ። እኔ ሙሴ እላቸዋለሁ። አባቶቻችን ፈረንሳዩን ሁሉ ሙሴ እያሉ ይጠሩ እንደነበር ብነግራቸው ደስ አላቸውና ስማቸው ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ሙሴ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው አለቃችን የነገውን ወረቀት አንተ ሥራው አለችኝ። በግማሽ ሰዓት በኮምፒውተር ጨረስኩት። በተራራው ሥር ካለችው ከቤዷን መንደር ተነሥቶ ጫፉ ድረስ 21 ኪሎ ሜትር፤ ከዚያ በምሥራቅ በኩል ወደ ሶ ከተማ 26 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፤ ምሳ እዚያ፤ መልሱ በኔስክ ገደል አፋፍ ለአፋፍ። ሁሉም ተደምሮ ወደ 90 ኪሎ ሜትር። ከዳገቱ አጠገብ «አማካይ 7.5 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ በየ100 ሜትሩ ሰባት ሜትር ተኩል ሽቅብ ማለት ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢወጡ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብዬ አሰላሁ። በ3 ሰዓት ይነሣሉ፣ በ5 ሰዓት ጫፍ ላይ ናቸው፣ 7 ሰዓት ሳይሞላ ምሳ ላይ ይቀመጣሉ። «አየሩ ጥሩ ነው» የሚል መስመርም ጨመርኩበት። ሰማዩ አንድ ጭረት ደመና አልነበረበትም።

ሙሴ ማታ ጉንጫቸው አብጦ መጡና ወረቀቱን አዩት። ከኪሳቸው መታጠፊያው ላይ የተበሳ የሚሽለን ካርታ አውጥተው ዘረጉ። በመንገዱ መስመር ላይ ትንንሽ ቀስቶች አሉ፤ አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ቀስት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ቀስት ከዚያ በላይ፤ ጫፋቸው ወደ ዳገቱ ያመለክታል። ጣታቸውን ቀስቶቹ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ።

«ነፋሱን የት ጻፍከው?» አሉኝ።

«ሰማዩ ጥርት ብሏል ሙሴ።»

«እኔ የምፈራው ሲጠራ ነው» አሉና ካርታቸውን አጥፈው ሄዱ። ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ነፋስ ደመናውን ጠርጎ፣ ሰማዩን እንደ መስታወት ወልውሎ እንደሚነፍስ የነገረኝ ሰው ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ምሽት የጥርስ ሕመሙ ያናገራቸው መሰለኝ።

ሌላው ጥፋቴ የተፈጸመው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ይህኛው የሙያዬ ስለሆነ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከእንግዶቹ አንዷ ቤልጂየማዊት ጡረተኛ መምህርት ነበሩ፤ የመጡት በገዛ ብስክሌታቸው ነው። አየሁት፤ ፍሬኑ ጥሩ፣ ጎማው አዲስ፣ ካቴናው ንጹሕ። ማርሹንም አይቻለሁ፤ ከፊት ትንሹ ባለ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 25። አይቼ አለፍኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ብደምርና ባካፍል ኖሮ! በዚያ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 3 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው በደቂቃ 100 ሜትር ይሄዳል፤ እግሩ በደቂቃ የሚዞረው 30 ጊዜ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ያ ፔዳል መዞር አይደለም፤ በአንድ እግር ደረጃ እንደ መውጣት ነው። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ቢሆን በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ20 ገደማ፣ እግራቸውም በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞር ነበር። መለዋወጫው ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

በ3 ሰዓት ስምንቱ እንግዶች ከሙሴ ጋር ተነሡ። እኔ ዕቃ ጭኜ፣ ውኃ ሞልቼ፣ 5 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጫፉ ላይ ደረስኩ። የመኪናውን በር ስከፍት ነፋሱ ከእጄ ነጠቀኝ፤ ማጠፊያው ተጣመመ። ታች ቤዷን በሸሚዝ ነበርኩ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ከቤዷን እስከ ጫፉ ደግሞ 1,600 ሜትር ነው። በቁጥሩ መሳቄ ስሕተት የሆነው እዚህ ላይ ነበር። ጫፉ ከፒያሳ ያንሳል፤ መነሻው ግን ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ብቻ ነው። ከፒያሳ ጋር ሳይሆን ከአባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ደጀን ከሚወጣው መንገድ ጋር ነበር ማስተያየት የነበረብኝ።

5 ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ሩብ ሲያልፍ ትዕግሥቴ አለቀና መኪናውን አዙሬ ወረድኩ። ነጩ ድንጋይ ላይ ሙሴንና ሁለቱን ፈጣን ወጣቶች አገኘኋቸው፤ ጎንበስ ብለው፣ ነፋሱ ወደ ጎን እየገፋቸው፣ ላባቸው ማሊያቸው ላይ ጨው ሠርቶ። በመስኮት «አይዞአችሁ፣ ደረሳችሁ!» ብዬ አለፍኳቸው። ጃኬቶቻቸው ከኋላዬ ተቆልለዋል።

ከጫፉ በታች መንገድ ዳር ያለውን ሻሌ ሬናር የሚባል ምግብ ቤት አልፌ ጫካው ውስጥ ገባሁ። ቤዷን በኩል ያሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ለስላሳ ናቸው፤ ሳንት ኤስቴቭ ላይ መንገዱ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ግን ዳገቱ ይጀምርና ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያህል 9 በመቶ አካባቢ፣ አንዳንድ ቦታም ከ10 በላይ፣ ማረፊያ ሳይሰጥ ይቀጥላል። ለስላሳውንና ጨካኙን ቀላቅዬ ነው 7.5 ያልኩት። መምህርቷን ያገኘኋቸው ብስክሌታቸውን እየገፉ ነው፤ ከጫማቸው ሥር ያለው የፔዳል ማቆላለፊያ አስፋልቱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ወረቀቴን ከኪሳቸው አወጡት፤ በላብ ርሷል። «ከጠዋት ጀምሮ ይህን አማካይ ስፈልገው ነው የዋልኩት፤ አንድም ቦታ አላገኘሁትም» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እሳቸውንና ሌላ አንድ የዛለ እንግዳ ጭኜ ስመለስ አርባ ደቂቃ አልፏል። ሙሴና ሁለቱ ወጣቶች ጫፉ ላይ ካለው ሕንፃ ግድግዳ ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የሦስቱም አንገትጌ አብጧል፤ ጋዜጣ ነው። ሙሴ ሁልጊዜ ጠዋት ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሁለት ጋዜጣ ሲገዙ ወሬ የሚወዱ ይመስለኝ ነበር። አጥፈው የጀርባ ኪሳቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማሊያው ሥር ደረታቸው ላይ ይዘረጉታል፤ ቁልቁለቱን ነፋስ ሳይበሳቸው ይወርዱበታል። የድሮ ብስክሌተኞች ብልሃት ነው።

«ጃኬቱ የት እንዳለ ካላወቅን ጃኬት የለንም» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። መኪናው ጫፉ ላይ ይቆያል ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሶ ከተማ የደረስነው በ9 ሰዓት ነው። በዚያ አገር የገጠር ምግብ ቤት ኩሽና በ8 ሰዓት ገደማ ይዘጋል፤ ማንም ቢለምን አይከፈትም። በገንዘባቸው የከፈሉትን ምሳ ትተው ከመኪናዬ ሙዝና ብስኩት በሉ። ነፋሱ እያየለ ስለሄደ የኔስክን መንገድ ሰርዘን በመኪና ተመለስን። አለቃችን የምሳውን ሒሳብ መለሰችላቸው፤ ከደመወዜ ግን አልቆረጠችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ማታ ሙሴ ጋራዥ መጥተው ሣጥን ላይ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ እዚህ ሲደርስ በነፋሱ ምክንያት የውድድሩ ፍጻሜ ከጫፉ ወደ ሻሌ ሬናር ዝቅ መደረጉን አጫወቱኝ። ያን ያህል ድርጅት፣ ያን ያህል ቴሌቪዥን፣ ያን ያህል ገንዘብ ያለው ውድድር ለዚህ ነፋስ 6 ኪሎ ሜትር ለቆለታል። እያወራን አዲስ ወረቀት ሠራን፤ ዳገቱን በመንገዱ ዳር እንዳሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች በየኪሎ ሜትሩ ቆራርጠን። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ ወደ ሦስት ገጽ አደገ። ሙሴ ከሄዱ በኋላ የመምህርቷን ብስክሌት ሰቅዬ የኋላውን ጥርስ በባለ 32 ለወጥኩ፤ ማርሽ ቀያሪው ክንዱ አጭር ስለሆነ እሱንም ከኪራይ ብስክሌት ነቅዬ ገጠምኩ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ጋብ ሲል መምህርቷ እንደገና ልሞክር አሉ፤ በሶ በኩል፤ በላቬንደሩ ማሳ መካከል ቀስ እያለ በሚነሣው መንገድ። ሻሌ ሬናር ላይ ከቤዷኑ መንገድ ጋር ይገናኛል፤ የመጨረሻው ነጭ ድንጋይ ለሁሉም አንድ ነው። ከጫፉ በታች፣ እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1967 በውድድር ላይ ወድቆ የሞተበት ቦታ ላይ መታሰቢያ ድንጋይ አለ፤ ብስክሌተኞች የውኃ ጠርሙስና ኮፍያ ይተውበታል። መምህርቷ እዚያ ቆመው፣ ጠርሙሳቸውን አስቀምጠው፣ እንደገና ሲነሡ ከላይ ሆኜ አየኋቸው። ላግዛቸው ብዬ እግሬ ወደ መኪናው ሄዶ ነበር። ቁልፉን ለሙሴ ሰጠኋቸው።

ደርሰው ጫማቸውን ከፔዳሉ እንዳላቀቁ ጃኬታቸውን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም፤ እጃቸውን ወደ ሙሴ ኪስ ዘረጉ። ሙሴ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«የዛሬው ነው» አሉ፤ «ገና አላነበብኩትም።»