ከጠዋት እስከ ማታ መርከብ ላይ ምን ይለበሳል?

ባለፈው ዲሴምበር እማዬን ይዤ ከባልቲሞር በክሩዝ መርከብ ባሃማስ ደርሰን ተመለስን። ከመጣን ጀምሮ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ አይደለም። "ምን ለበሳችሁ? ስንት ሻንጣ ያዛችሁ? ማታ ማታ የግድ መዘነጥ አለ እንዴ?" ነው የሚሉኝ። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ጓደኞቼ ቤተሰባቸውን በመኪና ወደቡ ድረስ ወስደው መሳፈር እያሰቡ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው አልኩ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። መርከብ ላይ በቀን አራት ጊዜ ልብስ የሚያስቀይረው ዝነጣ አይደለም፤ አየሩ ነው። ገንዳው ዳር ፀሐዩ ይለበልባል። ከዚያ ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ከፊት ጫፉ ላይ ስትቆሙ ነፋሱ ቀሚስ ያነሳል፣ ኮፍያ ይነጥቃል። በሩን ገፍታችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የኤሲው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሦስቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈራረቁባችኋል። ስለዚህ ከሚያምረው ልብስ በፊት የሚደረብና የሚወልቅ ነገር ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ስስ ሹራብ፣ ከፊት የሚከፈት ጃኬት፣ ሻርፕ፣ ነጠላ።

የመጀመሪያው ቀን ልብስ ለብቻው ይታሰብበት። ወደቡ ላይ ትልቁን ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ይቀበሏችኋል፣ ከዚያ ተፈትሾ ክፍላችሁ በር ላይ እስኪደርስ ሊመሽ ይችላል። እስከዚያ ያላችሁ በእጃችሁ የያዛችሁት ቦርሳ ብቻ ነው። መድኃኒትና ፓስፖርት እዚያ ውስጥ መሆን እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ የሚረሳው ልብሱ ነው። አንድ ቲሸርት፣ አንድ ስስ ሱሪ፣ ቀለል ያለ ጫማ፣ መዋኘት ለሚፈልግ የዋና ልብስ ጨምሩበት። እኔ አልጨመርኩም። ውጭው በረዶ ሊጥል የሚያንዣብብ ነበርና ወፍራም ሹራብና ቡት አድርጌ ነው የገባሁት፣ ውስጡ ግን ሞቃት ነው፣ ከሰዓቱን ሁሉ እግሬ ቡቱ ውስጥ ሲቀቀል ዋለ።

መርከቡ የተንቀሳቀሰው 10 ሰዓት ላይ ነው። በዲሴምበር ወዲያው ይመሻል። ከባልቲሞር የሚነሳ መርከብ ውቅያኖስ ላይ ከመድረሱ በፊት ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ረጅም ሰዓት ይጓዛል፣ መንገዱ ላይ ደግሞ በቤይ ብሪጅ ሥር ያልፋል። ድልድዩ ከውኃው በላይ 57 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው፤ በጣም ግዙፎቹ መርከቦች ባልቲሞር የማይመጡት አንዱም ለዚህ ነው። የእኛው የጭስ ማውጫ ድልድዩን የሚነካ እየመሰለ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ላይኛው ደርብ ወጥቶ አንጋጦ ያያል። እንዳያመልጣችሁ። ግን ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። እማዬ ከቤት ስንወጣ "ጋቢዬን ልያዝ" ብላኝ "ሻንጣ ይሞላል" ብዬ አስቀርቼባት ነበር። ያን ማታ በቀጭን ካፖርት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ሳያት በጣም ቆጨኝ። ዕድሜያቸው የገፋ እናት አባት ይዛችሁ በክረምት ከሰሜን የምትነሱ ከሆነ ለጋቢ ቦታ አይጠፋም፣ የራሳችሁን ሁለት ጫማ ቀንሱለት።

ማታ 2 ሰዓት ሆነ፣ ሻንጣችን የለም። የጎረቤቶቻችን ሻንጣ በየበራቸው ቆሟል፣ የእኛ በር ባዶ ነው። በኋላ ክፍላችን ተደወለና ታች ወርዳችሁ ሻንጣችሁን ክፈቱልን ተባልን። ጥበቃው ፊት ስከፍተው እማዬ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ ከቀሚሷ ሥር የሸጎጠቻት ትንሽ ካውያ ወጣች። "ታዲያ የተጨማደደ ቀሚስ ለብሼ ሰው ፊት ልቀርብ ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ። ልብሷን አክብራ የምትለብስ ሴት ናት፣ ገብቶኛል። ግን ካውያ አይፈቀድም። ባሕር መሐል እሳት ቢነሳ ወዴት ይሮጣል? ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ፣ እነዚህን ሁሉ ወስደው የሚመልሱት ስትወርዱ ነው። ጀበናና ምድጃ ይዘን፣ እጣን አጭሰን ያላችሁም እርሱት። ደረሰኝ ሰጡን፣ ሻንጣችንን ይዘን ወጣን።

ሁለተኛው ቀን ሙሉውን ባሕር ላይ ነው። በሰሜን ካሮላይና በኩል፣ ኬፕ ሃተረስ በሚባለው አካባቢ፣ በክረምት ባሕሩ ይናወጣል። የጫማ ነገር የሚገባችሁ ያኔ ነው። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ታያላችሁ፣ ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት ደግሞ ደረጃ ስትወርድ ማየት ያስፈራል። ሶሉ የማያንሸራትት ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ላይ ያለው ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ወይ ታጥቧል፣ ወይ ከገንዳ የወጣ ሰው አርጥቦታል፣ ወይ የባሕር ጤዛ ወርዶበታል። ለእማዬ ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት ነገር ጫማዋ ነበር፣ ደግ አደረግሁ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ማንም ማንንም አያይም። ሌጊንስ፣ ቲሸርት፣ ላዩ ላይ ሹራብ ይበቃል። ፒጃማና ባዶ እግር ግን አይሆንም፣ ከዋና የወጣ እርጥብ ልብስም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ደቡብ በተጠጋችሁ ቁጥር ልብሱ ይቀላል። በሦስተኛው ቀን ፍሎሪዳ ስንደርስ ሹራቡን አውልቀን ቲሸርት ብቻ ቀረን። ሁለት ቀን ሳይሞላ ከካፖርት ወደ ቁምጣ ማለት ነው። ለዚህ ነው የክረምት ልብሳችሁ አንድ ሙሉ ቅያሪ ብቻ ይሁን የምለው፣ የቀረው ቦታ ለበጋው ይሁን።

ወደ ገንዳው እንምጣ። የዋና ልብስ ሁለት ያዙ፣ ምክንያቱም የባሕሩ አየር እርጥብ ስለሆነ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ እርጥቡን መልሶ መልበስ ደግሞ ያስጠላል። ብዙ ክፍሎች ውስጥ መታጠቢያው ግድግዳ ላይ ተስባ የምትወጣ ቀጭን የልብስ ገመድ አለች፣ ፈልጓት። ፎጣ ከቤት አትሸከሙ፤ ገንዳው ጋ ይሰጣል፣ ካልመለሳችሁት ግን ሒሳባችሁ ላይ ይገባል። ከገንዳ ወደ ቡፌ ስትሄዱ ላይ የሚጣል ሰፊ ሸሚዝ ወይም ቀሚስ ይኑራችሁ።

ብዙ እህቶች በጆሮዬ የሚጠይቁኝን እዚህ በግልጽ ልመልስ። ገላችሁን ማሳየት ካልፈለጋችሁ ማንም አያስገድዳችሁም፣ ማንም ዞሮም አያይም። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ አለ፣ ከሥሩ የሚለበስ ረጅም ሱሪም አለ፣ ሙስሊም እህቶች ደግሞ ከነራስ መሸፈኛው ሙሉውን ይለብሳሉ። ጨርቁ ግን ለዋና የተሠራ ይሁን፣ ጥጥ ውኃ ሲይዝ ይከብዳል። እማዬ አልዋኘችም። ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ከሻሿ በላይ ገለባ ኮፍያ አድርጋ ጥላው ሥር ተቀምጣ ባሕሩን ስታይ ትውላለች። የጥቁር ሰው ቆዳ በፀሐይ አይጎዳም የሚለውን አትስሙ። ከባሕሩ የሚመለሰው ጨረር ብርቱ ነው፣ ሰንስክሪን ተቀቡ።

የባሃማስ ዋና ከተማ ናሳው ላይ ስትወርዱ የዋና ልብስ የባሕር ዳርቻ ልብስ እንጂ የከተማ ልብስ አይደለም። ሰዎቹ ሃይማኖተኞች ናቸው፣ ሰላምታቸውም አለባበሳቸውም ጨዋ ነው። እኛ በእግራችን ኩዊንስ ስቴርኬዝ የሚባለውን ደረጃ ለማየት ሄድን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ከአለት ፈልፍለው ያወጡት ነው፣ ግራና ቀኙ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። እማዬ ላሊበላን አስታወሳትና ሻሿን አስተካክላ ዝም ብላ አየችው። ደረጃው 65 ነው፣ አንዳንዱ ጋ እርጥብ ነው፣ በነጠላ ጫማ አይወጣም። ስኒከር አድርጉ፣ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ያ ዝንጉርጉር ወታደራዊ ልብስ፣ ሱሪውም ኮፍያውም ቦርሳውም፣ ጃማይካ፣ ባርቤዶስና ሴንት ሉሲያን በመሳሰሉ የካሪቢያን አገሮች ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ነው። የሕፃን ልብስም ቢሆን ያስወልቃሉ። ቤት ይቅር።

አሁን ወደ ማታው። አብዛኛው ማታ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ፣ ወይም ለቤተክርስቲያን ግብዣ የምትለብሱት ዓይነት ቀሚስ። በሰባት ሌሊት ጉዞ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፎርማል ናይት፣ ማለትም ሰው ዘንጦ ራት የሚበላበት ማታ፣ አለ። ለወንዶች ሱፍ ካላችሁ በቂ ነው፣ ቱክሲዶ ለመከራየት አትጨነቁ። መርከብ ከመርከብ ግን ይለያያል። በሳውዝሃምፕተንና በኒው ዮርክ መካከል የምትመላለሰው ኲን ሜሪ 2 ላይ የምሽት አለባበስ ደንብ ጥብቅ ነው፣ ኖርዌጂያን በሚባለው ኩባንያ መርከቦች ደግሞ ማንንም ሱፍ ልበስ አይሉም። ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። መልበስ ያልፈለገ ሰው ቡፌው ጋ በተራ ልብሱ ይበላል፣ ራቱን አያጣም።

እኔ ለዚያ ማታ እጅጌ የሌለው ጥቁር ቀሚስ ገዝቼ ነበር። እማዬ ግን ለልጇ ሠርግ ያሠራችውን የሀበሻ ቀሚስ ነው የያዘችው። ሻንጣ ውስጥ ስታስገባው አይቻለሁ። ጥበቡን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ በመሐሉ ነጠላዋን አንጥፋ፣ ሳታጥፈው ጠቀለለችው። እንዲያም ሆኖ ወገቡ ጋ ተጨማዶ ነበር፣ ካውያዋም ጥበቃው ጋ ናት። ምን አደረገች? ቀሚሱን መታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ሰቀለችው፣ ሙቅ ውኃውን ከፈተች፣ በሩን ዘጋች። አሥር ደቂቃ ቆይታ ስትገባ ጥጡ እንፋሎቱን ጠጥቶ ለስልሷል። ከዚያ በአንድ እጇ የጫፉን ጥለት ይዛ እየወጠረች፣ በሌላው መዳፏ ከላይ ወደ ታች ዳበሰችው፣ ልክ ሊጥ እንደሚዳበስ ቀስ ብላ። ተዘረጋ። ጊዜ ወስዶባታል፣ ግን በካውያ የተተኮሰ ነው የሚመስለው።

ምግብ ቤቱ ስንገባ ሰው ዞሮ አያት። በሚያብረቀርቀው ልብስ ሁሉ መሐል ነጩ የእሷ ለብቻው ይታያል። ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የጥበቡን መስቀል እያየች የታተመ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "በእጅ ነው በያት" አለች እማዬ፣ "ሸማኔ ቁጭ ብሎ ነው የሠራው በያት።" ነገርኳት። ሴትዮዋ ፈቃድ ጠይቃ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

ሾርባው ሳይመጣ ኤሲው ጀመረኝ። እጄ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ፣ ትከሻዬ ቀዘቀዘ። እማዬ ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና በእኔ ላይ ጣለችው፣ ጥለቱን ወደ ፊት አዙራ አስተካከለችልኝ። ከጥቁሩ ቀሚስ ጋር አማረ። ለሚቀጥለው ጉዞ የምሽት ልብስ አልገዛም፤ አንድ የሀበሻ ቀሚስና ሁለት ነጠላ ነው የምይዘው። ነጠላ ማታ ጌጥ ነው፣ ትያትር ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ ነው፣ ቀን ደግሞ ራስ ላይ ጣል ተደርጎ ጥላ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታም የአንድ ቲሸርት ያህል ነው።

የመጨረሻው ማታ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ትልቁን ሻንጣ ከመተኛታችሁ በፊት ኮሪደር ላይ አውጡ ይባላል፣ ሌሊት ይሰበስቡትና ጠዋት ወደቡ ላይ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ነገ ለብሳችሁ የምትወርዱት በክፍላችሁ ይቅር። ባሃማስ ከነበረው ሙቀት የመጣ ሰው ሁሉን አሽጎ በቁምጣ ሊቀር ይችላል፣ ባልቲሞር ጠዋት ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እኔም ሁሉን አሽጌ፣ ሻንጣውን አውጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ አልጋ ውስጥ ገብቼ ነበር። እማዬ በጨለማው ውስጥ "ካፖርቶቹስ?" አለችኝ። ተነስቼ በሩን ስከፍት ሻንጣው ገና አልተወሰደም ነበር።