ባለሙያው ምጣዳችንን ሲያየው

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ያለችው ቤታችን በ1930ዎቹ የተሠራች ናት፤ አንዱን ግድግዳ ከጎረቤት ጋር እንጋራለን። ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀው የጋዝ ቦይለር ብርድ በገባ ቁጥር ይታመማል። በ2024 የካቲት ሊጠግን የመጣው ሰውዬ «ከእንግዲህ መለዋወጫውንም አታገኝለት» ብሎ ሲወጣ፣ ባለቤቴ «ለምን ሂት ፓምፕ አናስገባም? መንግሥት ይደጉማል ይባላል» አለች።

ማሽኑ ተአምር የለውም። ፍሪጅ ከጀርባው እንደሚሞቅ ነክታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት ነው የሚተፋው። ሂት ፓምፕም ውጭ ተቀምጦ ከአየሩ ሙቀት ይሰበስብና ወደ ቤት ያስገባል። በደንብ ከተገጠመ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስት ያህል ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ቁም ነገሩ «በደንብ ከተገጠመ» የምትለው ላይ ነው።

መጀመሪያ የደወልኩለት ድርጅት «ስንት መኝታ ቤት አለህ?» ብሎ ጠይቆኝ በስልክ ዋጋ ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ልፈርም ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቤትህን ሳይለካ ዋጋ ከሚሰጥህ ሰው ሽሽ» አለኝ። ሁለተኛው መጥቶ ሦስት ሰዓት ቆየ። እያንዳንዱን መስኮት ለካ፣ ራዲያተሮቹን (ሙቅ ውሃ እየዞረባቸው ክፍሉን የሚያሞቁትን) አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ምንጣፍ ገልጦ ቧንቧውን አየ። ሂት ፓምፕ ውሃውን እንደ ቦይለር አያፈላውም፤ 45 ወይም 50 ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ትንንሾቹ ራዲያተሮች ቤቱን ማሞቅ አይችሉም። ከስምንቱ አምስቱ በሰፋፊ እንዲቀየሩ ተወሰነ።

ከዚያ ወጥ ቤት ገባ፤ ትልልቅ የመብራት ዕቃዎቻችንን እየመዘገበ ምጣዱ ጋ ደረሰ።

«ይሄስ?»

«እንጀራ መጋገሪያ ነው።»

«ስንት ኪሎዋት ይወስዳል?»

ገልብጠን ብናየው ወረቀቱ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ባለቤቴን አስጣደና በመለኪያው አየው፤ ወደ ሦስት ኪሎዋት ይጠጋል። በየስንት ጊዜው እንደምትጋግር ሲጠይቃት «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እንግዳ ካለ ደግሞ ሁልጊዜ» አለችው። ወረቀቱ ላይ «ኢንጀራ» ብሎ ጻፈው።

ለካስ ዋናው ፊውዛችን 60 አምፒር ብቻ ኖሯል፤ ሂት ፓምፕና ምጣድ አንድ ላይ ለመሸከም ያሰጋል። ይባስ ብሎ መስመሩ የሚመጣው በጎረቤታችን በኩል ነው፤ ለሁለት ቤት አንድ ገመድ ማለት ነው። አሮጌ ቤት የገዛችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስጠይቁ። መስመሩን መለየትም ሆነ ፊውዙን ማሳደግ የመብራት መስመሩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሥራ ነው፤ እኛን ምንም አላስከፈለንም። ጊዜያችንን ግን በላው። የጎረቤታችንን ደጅ መቆፈር ስለነበረባቸው የእሷ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ባሏ የሞተባት የ80 ዓመት ሴት ናት። በድፎ ዳቦ ነው የለመንናት፤ ፈቀደች።

ድጎማው 7,500 ፓውንድ ነው። እስከ 2023 ጥቅምት ድረስ 5,000 ነበር። ይህ የእንግሊዝና የዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ ያላችሁ የራሳችሁ ፕሮግራም አላችሁ። ብሩ እጃችሁ አይገባም። ኤም ሲ ኤስ የሚባለው ምስክር ወረቀት ያለው ገጣሚ ራሱ አመልክቶ ከሒሳባችሁ ላይ ይቀንሰዋል። ከእናንተ የሚጠበቀው የኃይል ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም «ይህ ሰው በአንተ ስም አመልክቷል፣ ታውቃለህ?» ብሎ በኢሜይል ሲጠይቅ መመለስ ነው። የእኔ ኢሜይል ቆሻሻው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ገጣሚው ደውሎ ባይጠይቀኝ አልፎኝ ነበር።

የእኛ ፕሮፎርማ ራዲያተሩንና የሙቅ ውሃ ታንከሩን ጨምሮ 13,400 ፓውንድ ነበር። ድጎማው ሲነሣለት 5,900 ከፈልን። ቫት የለውም፤ እስከ 2027 መጋቢት ድረስ ዜሮ ነው።

ቀድሞ የቤቱ የኃይል ሰርተፍኬት ሙቀት የሚይዝ የጣሪያ ሱፍ ይጨመር ካለ ሳያሟሉ ድጎማ አይገኝም ነበር። ግንቦት 2024 ላይ ያ ግዴታ ተነሣ። እኔ ግን ትቼው አላደርኩም፤ ሙቀቱ በጣሪያ የሚወጣ ከሆነ ማሽኑ ለሰማይ ነው የሚሠራው። የድሮው ሱፍ አራት ጣት ያህል ነው፤ የሚመከረው 27 ሴንቲሜትር። በሁለት ቅዳሜ ራሴ አነጠፍኩት። ሳምንቱን ሙሉ አሳከከኝ። ሱፉን ከማንጠፌ በፊት ግን ለአገር ቤት ይላካል እየተባለ ዓመታት የከረመ ሦስት ሻንጣ ልብስ ከጣሪያው ሥር ማውረድ ነበረብኝ። የልጆቹ ጫማ ሁሉ አለበት፤ የሚሆነው ሕፃን ዛሬ ዘመዶቻችን ዘንድ የለም።

ትልቁ ድርድር በታንከሩ ላይ ሆነ። የድሮው ቦይለር ውሃውን እዚያው ስለሚያሞቅ ታንከር አልነበረንም። ያለው ቦታ ባለቤቴ መሶቧን፣ ረከቦቷንና የሐበሻ ቀሚሶቿን የምታስቀምጥበት ቁም ሳጥን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። አሁን መሶቡ ሳሎን ወጥቷል፤ እውነት ለመናገር እዚያ ያምርበታል።

ጋዙን ጨርሶ ብናስቆርጥ በየቀኑ የሚቆጥረው ቋሚ ክፍያ ይቀርልን ነበር። «ጀበናዬስ?» አለችኝ ባለቤቴ። በጋዙ ምትክ የሚገባው ኢንዳክሽን ምድጃ ማግኔት የሚይዘውን ዕቃ ብቻ ስለሚያሞቅ የሸክላ ጀበና አያፈላም። አንዲት ትንሽ የመብራት ምድጃ ገዛሁላትና ጋዙ ተቆረጠ።

ወጪው ስንት ቀነሰ ለምትሉኝ፣ ብዙም አልቀነሰም። እዚህ አገር የመብራት ዋጋ ከጋዝ አራት እጥፍ ያህል ስለሆነ ወርኃዊ ሒሳባችን ከድሮው ጋር ተቀራራቢ ነው። የተለወጠው ቤቱ ነው፤ ሌሊትም ቀንም አንድ ዓይነት ይሞቃል።

እናቴ ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ መጣች። በገባች በአሥር ደቂቃ ራዲያተሩን ዳሰሰችና «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ተበላሽቷል፤ ለብ ብሎ ቀርቷል» አለችኝ። ግድግዳው ላይ 20 ዲግሪ የሚለውን አሳየኋት።

«ቁጥር ይሞቃል እንዴ?» አለችና ጋቢዋን ደረበች።

በሦስተኛው ቀን ጋቢው ወንበር ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ራዲያተሩን ግን በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር መዳሰሷን አልተወችም።