ንቅሳቴን ቤት ውስጥ ላጠፋ ስል የሆነው

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ክንዴ ዛሬ እንዲህ አይሆንም ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

ግራ ክንዴ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አራት ፊደል ያለው የሰው ስም ነበረ። የማን እንደነበር ይቅር። እጅጌዬን ስጠቀልል አየዋለሁ፣ እጄን ስታጠብ አየዋለሁ። በቃ፣ እንዲጠፋ ፈለግኩ። ሌዘር እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን በየጊዜው መመላለስ አለብህ ሲሉኝ ገና ሳልጀምረው ታከተኝ።

መጀመሪያ ሎሚና ጨው ቀባሁ። አቃጠለኝ፣ ቆዳዬን አደረቀው፣ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ጨው በሻካራ ጨርቅ አድርጌ ፈተግኩት። ተላጠ፣ ደማ፣ ሲድን ፊደሎቹ እንደነበሩ ናቸው። ኋላ ሳነብ ጨው በ6ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ግሪካዊ ሐኪም በኤቲየስ የንቅሳት ማጥፊያ ውስጥም እንዳለ አወቅኩ። ያን ያህል ዘመን የተሞከረ ነገር ነው፣ ዛሬም ትርፉ ቁስል ነው።

ያኔ ያልገባኝ ቀለሙ የት እንዳለ ነው። ላይኛው ቆዳችን በወር ገደማ እየረገፈ ራሱን ይቀይራል። ቀለሙ እዚያ ቢቀመጥ ኖሮ ማንኛውም ንቅሳት በራሱ ጊዜ ይጠፋ ነበር። መርፌው የሚያስቀምጠው ግን ከሥር ባለው ቆዳ ውስጥ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ውጠው ይይዙታል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ተቀብሎ ይውጠዋል። በ2018 የወጣ በአይጥ ላይ የተሠራ ጥናት ይሄንን አሳይቷል። እንግዲህ በእጃችሁ እዚያ ድረስ መግባት ከፈለጋችሁ ቆዳውን ማቁሰል የግድ ነው፣ ያን ያህል የጠለቀ ቁስል ደግሞ ጠባሳ ይተዋል።

ክንዴን ወዳበላሸው ፈሳሽ ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት፤ ትንሽ ጠርሙስ፣ ላዩ ላይ «ተፈጥሯዊ ንቅሳት ማጥፊያ» የሚል። አሲድ የሚል ቃል በትልቁ የትም የለም። አብሮት የመጣው ወረቀት «ቆዳው ነጭ ሲሆን መሥራት ጀምሯል ማለት ነው» ይላል። እኔም አመንኩ። ማታ ሰው ሲተኛ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና በጥጥ ቀባሁት። ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ ማቃጠሉ መጣ፣ ጥርሴን ነክሼ ቆጠርኩ። ቆዳዬ እያየሁት በረዶ የወረደበት ይመስል በፊደሎቹ ቅርጽ ነጣ። ደስ አለኝ! ሠራ አልኩ። የመጀመሪያዋ ፊደል ከሌሎቹ ወፈር ያለች ስለነበረች እሷን ደግሜ ቀባኋት። ለዚህች ለሁለተኛዋ ቅብ ራሴን እስካሁን ይቅር አላልኩም። ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ክንዴን የሚፈስ ውሃ ሥር አድርጎ ለረጅም ደቂቃ ማጠብ ነበር፣ እኔ ግን «ሥራውን እንዳላቋርጠው» ብዬ ሳላጥበው ተኛሁ።

ጠዋት ውሃ ቋጥሮ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠቆር ያለ ቅርፊት ያዘ። ጠጋ ብዬ ሳየው ቅርፊቱ ውስጥ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ አለ፤ ወጣ ማለት ነው ብዬ ላጥኩት። ከሥሩ ሮዝ ሥጋ፣ ሥጋው ላይ ደግሞ ያው ፊደል፣ ደብዘዝ ብሎ። ከዚያ መግል ያዘ። ብብቴ ሥር ንፍፊት ወጣ፣ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ለማንም አልነገርኩም፣ አፍሬ። ታላቅ እህቴ ናት ፋሻውን አይታ «አንተ፣ ይሄ ነገር ሸቷል እኮ፣ ተነስ» ብላ የወሰደችኝ።

የመጀመሪያው ሐኪም ተቆጣኝ። ይቆጣ፣ ይገባኛል። ግን ቁጣው ሲያልቅ አንቲባዮቲክ ጽፎ አሰናበተኝ እንጂ ቁስሉን እንዴት እንደምይዘው አንድ ቃል አልተናገረም። ቤት ስመለስ ሁሉም ሰው «ክፍት ተወው፣ አየር ያግኘው» አለኝ። ተውኩት። ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ እንደገና ደማ። ኋላ ያገኘኋት የቆዳ ሐኪም ናት ነገሩን የገለበጠችው፦ በንጹህ ውሃ አጥበህ፣ ቫዝሊን ስስ አድርገህ ቀብተህ፣ በንጹህ ፋሻ ሸፍነው አለችኝ። እርጥበት ያለው ቁስል ቶሎና በትንሽ ጠባሳ ይድናል። በሁለት ቀን ልዩነቱን አየሁት።

የጠርሙሱን ጥቃቅን ጽሑፍ ያነበበችልኝም እሷ ናት። ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ። ሐኪሞች ራሳቸው ቆዳ ለመላጥ በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ነገር ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቤት ውስጥ ንቅሳት ለማጥፋት የሚሸጥ አንድም ክሬም ወይም ቅባት እንዳላጸደቀም ነገረችኝ። ለሻጩ ጻፍኩለት። «የሰው ቆዳ ይለያያል» ብሎ መለሰና ብሎክ አደረገኝ።

ጠባሳው ወፍሮ ቀረ፣ ያሳክከኛልም። የኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ለኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ ለሚያድግ ወፍራም ጠባሳ፣ ይበልጥ ይጋለጣል። የሚያናድደው፣ ተራ ጥቁር ቀለም ለሌዘር ከሁሉም የሚቀለው ነበር፤ አረንጓዴና ቢጫ ናቸው የሚያስቸግሩት። ጠባሳ ያለበት ቦታ ግን ከባድ ነው፣ ሌዘሩም ቀለሙን እንጂ ጠባሳውን አያነሳም። ቀላሉን ሥራ በገዛ እጄ አከበድኩት።

አሁን ሌዘር ላይ ነኝ። ከመጀመራችሁ በፊት ማሽኑ 1064 ናኖሜትር የሚባለው የብርሃን ሞገድ እንዳለው ጠይቁ፤ ለጠቆረ ቆዳ የተሻለው እሱ ነው። መልስ ከሌላቸው ተነስታችሁ ውጡ። የቀጠሮው ወረቀት በየ6 ሳምንቱ ና ይላል፣ እኔ ግን በየ3 ወሩ ነው የምሄደው። ሌዘሩ የሰባበረውን ቀለም የሚያወጣው ሰውነት ነው፣ ጊዜ ስትሰጡት ይሠራል፣ ቆዳውም ያርፋል። መቸኮል ምን እንዳደረገኝ አይቻለሁ። «ሌላ ንቅሳት ደርብበት» የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የሚጠፋው ቀለም እጥፍ ነው። እስከዚያው ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ምንም አይደል።

አራተኛውን ሌዘር ባለፈው ወር ተሠራሁ። ሦስቱ ፊደሎች ከሩቅ አይታዩም። ደግሜ የቀባኋት የመጀመሪያዋ ፊደል ግን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ስዳስሳት አሁንም ትታወቀኛለች።