«ይቅርታ» ብላ ፈረመች

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ኮሌጅ ገባች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከቤት የሁለት ሰዓት መንገድ። አሜሪካ ያለን አበሾች እንደምናደርገው ብርድ ልብሱን፣ ሩዝ ማብሰያውንና አንድ ፌስታል በርበሬ ጭነን አደረስናት። በርበሬውን እስካሁን አልነካችውም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ማታ ደወለችልኝ። ለእናቷ ሳይሆን ለእኔ መደወሏ ራሱ ነገር እንዳለ ይናገራል። «ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ» ብላ ጀመረች። ከተማሪዎች ሥነ ምግባር ቢሮ ኢሜይል መጥቶላታል። የፕሮግራሚንግ የቤት ሥራሽ ከሌላ ተማሪ ሥራ ጋር ስለሚመሳሰል መጥተሽ አነጋግሪን ይላል። ሐሙስ ዕለት ሄዳለች፣ ብቻዋን። ያነጋገሯት ሴትዮ ደግ ናቸው፣ ውኃ ሁሉ ሰጥተዋታል። እሷም እንዳሳደግናት አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» አለች። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረቡላት፣ ፈረመች።

«ቀድተሻል እንዴ?» አልኳት።

«አልቀዳሁም! አብረን ነው ያጠናነው።»

«ታዲያ ይቅርታው ምንድን ነው?»

ዝም አለች። ቆይታ «እንዳይቆጡ ብዬ ነዋ» አለችኝ።

እኔ ልቆጣት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ይሄን ያስተማርናት እኛው ነን። እኛ ቤት ይቅርታ ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ትልቅ ሰው ፊት ነገር እንዲበርድ የሚባል ነገር ነው። አባቴ ሲቆጣ ስንት ጊዜ ላላደረግኩት ነገር ጉልበቱን ስሜያለሁ። እዚያ ወረቀት ላይ ግን የተጻፈው «ኃላፊነቱን እቀበላለሁ» የሚል ነው፣ ቅጣቱም ከኮርሱ መውደቅና መዝገቧ ላይ የሚቀር ምልክት ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ዓይነት ጊዜ ነው። ደግነቱ ወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል ይላል። እሷ እስከዚያ ድረስ አላነበበችውም።

ሚስጥሩን ሁለት ቀን ቻልኩት። እሑድ ለእህቴ ነገርኳት፣ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጋ ደወለች። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ አንድ ልጅ ስልኩን አንስቶ ስለ ተማሪዋ ምንም ልነግርሽ አልችልም አላት። እናቷ ነኝ ብትል፣ ብትለማመጥ፣ ብትቆጣ ንቅንቅ የለም። «ብሩን ስከፍል ግን ስሜን ከነአድራሻዬ ያውቁታል!» እያለች እኔ ላይ ጮኸችብኝ፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ይመስል።

ልጁ አልዋሸም። ፈርፓ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ የትምህርት መዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ልጁ ይዞራል። የሚከፍለው ማን ነው የሚለው አይጠየቅም። ግብር ስታሳውቁ ጥገኛ ብላችሁ ካስገባችሁት ኮሌጁ ሊነግራችሁ ይፈቀድለታል፤ ይፈቀድለታል እንጂ አይገደድም። ልጁ ራሱ ፈቅዶ ከፈረመ ነው ነገሩ የሚቀለው።

እህቴን ያበገናት ሕግ ግን ልጅቷን ያዳናትም እሱ ነው። ያው ፈርፓ ለተማሪው የራሱን ፋይል የማየት መብት ይሰጠዋል። በጽሑፍ ሲጠየቅ ኮሌጁ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። እኛ አምስት ቀን ብቻ ስላለን ሰኞ ከሰዓት ሁለት ኢሜይል አስላክናት፣ አንዱ ይግባኝ፣ አንዱ የፋይል ጥያቄ። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ያውም ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይሏ። ፋይሉ በማግስቱ መጣ። የሌላው ተማሪ ስም በጥቁር ተሸፍኗል። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የሶፍትዌር ሪፖርት አለ፣ የሚመሳሰለው በቢጫ የተቀለመ። ልጅቷ አንድ ጊዜ አይታ ሳቀች። ከቢጫው ግማሽ ያህሉ ፕሮፌሰሩ ራሱ ለክፍሉ በሙሉ የበተነው ማስጀመሪያ ኮድ ነበር!

«የመጀመሪያ ቀን ይሄን ለምን አላሳዩሽም?» ስላት «አልጠየቅኩማ» አለች።

ተማሪ ከመቀጣቱ በፊት የመሰማት መብት የሚባለው ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 አላባማ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች የፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ያለው ለነጭ ብቻ የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ገብተው እንስተናገድ አሉ። ኮሌጁ ከመካከላቸው ዘጠኙን አባረራቸው። ምን እንዳጠፉ በግልጽ አልተነገራቸውም፣ ተጠርተውም አልተሰሙም። ከተባረሩት የተወሰኑት ከሰሱ። በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ነግሮት ሊሰማው ይገባል ብሎ ፈረደ። ዲክሰን በአላባማ ላይ ይባላል መዝገቡ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ይሄ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ የለበትም፤ እዚያ የሚያስጥላችሁ የተማሪዎች መመሪያ መጽሐፋቸው ነው። ማንም ተማሪ ከፍቶ የማያየው መጽሐፍ።

ግን አትሳሳቱ፣ ተማሪው የሚሰማበት ያ ክፍል ፍርድ ቤት አይደለም። በወንጀል ችሎት ያለው «ከጥርጣሬ በላይ» የሚባለው መለኪያ እዚያ የለም። በብዙ ኮሌጆች ሚዛኑ ከግማሽ ትንሽ ዘንበል ካለ በቂ ነው። ዝም የማለት መብት አለሽ የሚል ሰውም አይጠብቃችሁም። አብሯችሁ የሚገባ አማካሪ ይፈቀዳል ወይ የሚለው እንደ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ከኢትዮጵያ በኤፍ ዋን፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ደግሞ በድንጋጤ ኮርሱን ጥላችሁ እንዳትወጡ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ ሳይፈቀድ ከሆነ የቪዛ ጣጣ ያመጣል። መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂዱ።

ይግባኙ እንዴት አለቀ? ልጅቷ አሥር ደቂቃ ተናገረች። ይቅርታ የሚል ቃል እንዳታወጣ ሦስት ጊዜ አለማምጃታለሁ። ምልክቱም፣ ከኮርሱ መውደቁም ተነሣላት። የቤት ሥራው ዜሮ ግን ቀረ፣ ምክንያቱም የኮርሱ መግለጫ ተወያዩ፣ ስትጽፉ ግን ለየብቻ ይላል፣ እነሱ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተጎልተው ነው የጻፉት። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ይገባታል። እህቴ አልተስማማችም።

ለገና ዕረፍት መጥታ ስትመለስ የእህቴ ጭንቀት ወደ ዶርሙ ዞረ። ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል። እዚህ ላይ የምነግራት ነገር ነበረኝ። የልጅሽን ውጤት አይነግሩሽም፣ ግቢው ውስጥ የተፈጸመውን ወንጀል ግን ለማንም የማሳየት ግዴታ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 ጂን ክሌሪ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ ፔንሲልቬኒያ፣ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶርሟ ውስጥ ተገደለች። ገዳዩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ራሱ የሚቆለፈው በር እንዳይዘጋ ተማሪዎች በፒዛ ካርቶን ደግፈውት ነበር። ወላጆቿ ታግለው በ1990 ሕግ ወጣ፣ ዛሬ በስሟ ይጠራል። የፌዴራል የተማሪ ገንዘብ የሚነካ ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 የደኅንነት ሪፖርት ያወጣል። የግቢ ፖሊስ ያለው ደግሞ የወንጀል መዝገቡን በየቀኑ ይጽፋል፣ ያለፉት 60 ቀናት ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ነው።

እህቴ አሁን መዝገቡን እንደ ዜና ትከታተለዋለች። አብዛኛው የብስክሌት ስርቆት ነው። «ዛሬም አንድ ስኩተር ተሰረቀ» ትለኛለች ቡና ላይ።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት፣ ኮሌጁ ለእናቷ እንዲነግር የሚፈቅደውን ቅጽ ሙዪ ተባለች። ላፕቶፑን ከፈተች፣ እናቷ ከኋላ ቆማ በትከሻዋ ታያለች። ሦስት ሣጥን አለ። ክፍያ፣ ምልክት አደረገች። ውጤት፣ ትንሽ አሰበችና ምልክት አደረገች። ሥነ ምግባር የሚለውን ዘላ «ላክ» የሚለውን ተጫነች።

«ይሄኛውስ?» አለች እህቴ።

«እሱ ለጋሼ ነው።»

ይኸው እስከ ዛሬ የምታኮርፈው እኔን ነው።