በትልቅነቴ ጉድፍ ያዘኝ፦ እንዴት እንዳለፍኩት

ትልቅ ሰው ሆኖ ጉድፍ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሳቅ ነው። ደውዬ የነገርኳቸው ሁሉ «በዚህ ዕድሜህ?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፣ ትኩሳቱ እስኪበረታ ድረስ። ልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ብሎ ያልፋል። ትልቅ ሰው ላይ ግን ትኩሳቱም ይጠነክራል፣ ሽፍታውም ይበዛል፣ ወደ ሳንባ የመውረድ ዕድሉም ይጨምራል። እኔን በጣም የጠቀመኝ መድኃኒቱን በመጀመሪያው ቀን መጀመሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጀመርኩት ደግሞ ቀድሜ ስለጠረጠርኩ ነው።

የያዘኝ ከእህቴ ልጅ ነው። ሽፍታው የወጣበት እኔ ሳጫውተው በዋልኩ ማግስት ነበር፤ ወሬውን የሰማሁት ግን ቆይቼ ነው። የጉድፍ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ይተላለፋል፣ ያውም በአየር። ስለዚህ ማንም ሰው ማንንም ሊጠነቀቅ አይችልም። እናቴ ጋ ደወልኩና በልጅነቴ ይዞኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። «የያዘው ወንድምህን ነው፤ አንተ ያኔ አያትህ ጋ ነበርክ» አለችኝ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈጃል፣ በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ካላንደር ላይ ምልክት አድርጌ መጠበቅ ጀመርኩ።

ልክ በሰዓቱ መጣ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ፣ ራሴንም አመመኝ። ጉንፋን ነው ብሎ ለማለፍ በጣም ይመቻል። በማግስቱ ደረቴ ላይና ፀጉሬ ውስጥ ቀያይ ነጠብጣቦች አየሁ። ትንሽ ቆይተው እብጥ እብጥ አሉ፣ ቀጥለው ውሃ ቋጠሩ። አንዱ ውሃ ሲቋጥር ሌላው ገና በቀይነቱ ነው፣ ሌላው ደግሞ መድረቅ ጀምሯል። ሐኪሟም በዚህ ነው ያወቀችው፤ የተለያየ ደረጃ ላይ ያለ ሽፍታ በአንድ ቦታ ተቀላቅሎ ሲገኝ የጉድፍ መለያው ነው። ኩፍኝ ውሃ አይቋጥርም፤ ቀድሞም ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይመጣል።

ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት ደወልኩ። ይህን በጣም እመክራለሁ። መጠበቂያ ቦታ ላይ ነፍሰ ጡር ሊኖር ይችላል፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊኖር ይችላል፣ አራስ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ እዚያ መሀል ገብቶ መቀመጥ ነውር ነው። ስደውል ሰው በማይኖርበት ሰዓት በሌላ በር እንድገባ ነገሩኝ፣ ማስክም አደረግኩ።

የታዘዘልኝ አሲክሎቪር ነው። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 800 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ስልኬ ላይ በየአራት ሰዓቱ ማስታወሻ ሞላሁ፣ ለሊቱን ብቻ አልፎ። ውሃም በብዛት እንድጠጣ ተነገረኝ፣ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ። ቫይረሱን ገድሎ አያጠፋውም፤ እንዳይራባ ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው ሽፍታው ከወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር በደንብ የሚሠራው፤ ከረፈደ በኋላ ጥቅሙ ይቀንሳል። «ሁለት ሦስት ቀን አይቼው» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሆንም።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ነበር የምወስደው። ቤት ውስጥ አይቡፕሮፌን ነበረኝ፤ ሐኪሟ እሱን አትንካው አለችኝ። ጉድፍ ላይ ሲወሰድ ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ይያያዛል። አስፕሪን ደግሞ በተለይ ለልጆችና ለወጣቶች ክልክል ነው፤ ሬይስ ሲንድረም የሚባል ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ማሳከኩ ልምጣ። ትኩሳቱን ረስቼዋለሁ፣ ማሳከኩን ግን አልረሳውም። ቀን ላይ ሥራ ፈትቶ ፊልም እያዩ ይቻላል። ማታ ግን መብራቱ ሲጠፋ ጉንዳን ልብሴ ውስጥ የገባ ይመስለኝ ነበር፣ ጀርባዬን፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ የእግር ጣቶቼ መሀል፣ የት ብዬ ልናገር፣ ሰው ፊት የማይታከክ ቦታ ሁሉ። ጥፍሬን ከሥሩ ቆረጥኩ፣ ማታ ማታ እጄ ላይ ካልሲ አጥልቄ ተኛሁ። አስቂኝ ነው ግን ይሠራል፤ በእንቅልፍ ልብ የሚያከው እጅ ነው ጠባሳ የሚያተርፈው። ሙቀት ማሳከኩን ስለሚያባብሰው ብርድ ልብሱን ትቼ በስስ አንሶላ ተኛሁ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ለበስኩ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሬ እታጠብ ነበር፣ ስጨርስ በፎጣ ሳልፈትግ እየጫንኩ ብቻ አደርቃለሁ፣ ከዚያ ካላማይን የሚባለውን ፈሳሽ ቅባት እቀባለሁ። ካላማይኑ ለጊዜው ያበርዳል፣ ሲደርቅ ግን ቆዳን ወጠር ስለሚያደርግ እኔ ብዙም አልወደድኩትም። ከሁሉም የረዳኝ ማታ የምወስደው የሚያስተኛው ዓይነት የአለርጂ ኪኒን ነው። በጣም ሲብስብኝ ደግሞ በመዳፌ ቸብ ቸብ አደርገው ነበር፣ ማከክ አይደለም ብዬ ራሴን እያሳመንኩ።

አፌ ውስጥም ወጣ። ላንቃዬ ላይ፣ ጉሮሮዬ አካባቢ። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ብቻ ነበር የሚወርደው፤ ጨው፣ ኮምጣጣና የሚያቃጥል ነገር በፍጹም። ጢሜንም አልተላጨሁም፤ ምላጭ ቋጠሮውን ቆርጦ ቁስል ያደርገዋል።

ከማሳከኩ ቀጥሎ የከበደኝ ስልክ መደወሉ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ያገኘኋቸውን ሰዎች በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከነሱ መሀል አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ነፍሰ ጡር ናት። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። እርግዝና ላይ ጉድፍ ቀልድ አይደለም፤ እናትየዋን ለሳንባ ምች ያጋልጣል፣ በመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት ከሆነ አልፎ አልፎ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ በወሊድ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ለተወለደው ልጅ በጣም አደገኛ ነው። ስደውልላት ዝም አለች። ከዚያ «በልጅነቴ ይዞኝ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለችኝ። በዚያው ቀን ሐኪሟ ጋ ሄዳ ደም ሰጠች፣ ውጤቱም ከዚህ በፊት እንደያዛትና መከላከያ እንዳላት አሳየ። ባይኖራት ኖሮ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ዝግጁ መከላከያ በመርፌ ይሰጣት ነበር፤ እሱም የሚሰጠው ከተጋለጠች 10 ቀን ሳይሞላ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ መደወሉ ዋጋ ያለው። ማፈር ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬም ይዞት አያውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ከሚኖሩት መሀል መከላከያ ከሌላቸው ከ10 ሰው 9ኙን ሊይዝ የሚችል በሽታ ነው። እኔ ክፍሌን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዕቃዬን ለየሁ። እሱ ደግሞ በማግስቱ ሄዶ ክትባት ወሰደ። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ከተጋለጡ በኋላም ቢሆን በ3 ቀን፣ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ የተወሰደ ክትባት በሽታውን ሊያስቀረው ወይም ሊያቀለው ይችላል። እሱ ላይ ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ወጡና ጠፉ። ቀናሁበት። ምግቤን ያመላለሰችልኝ እናቴ ናት፣ እሷን በልጅነቷ ይዟታል፤ አንዴ የያዘው ሰው በአብዛኛው አይደግመውም።

ሐኪሟ በደንብ ያስጠነቀቀችኝ ስለ ትንፋሽ ነው። ሳል፣ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቅ አለችኝ፤ የሳንባ ምቹ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ግራ መጋባት፣ የአንገት መገተር፣ ወይም አንዱ ቁስል ዙሪያው ቀልቶ ሲሞቅና መግል ሲይዝም እንደዚያው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ይብሳል ስትለኝ ኪሴ ውስጥ የነበረው ፓኮ ከበደኝ። ደግነቱ ሳንባዬ ጋ አልደረሰም።

ትኩሳቴ እንደለቀቀኝ አለቃዬ «ተሻለህ አይደል፣ ነገ ና» አለኝ። መለኪያው ትኩሳት አይደለም። ቋጠሮዎቹ በሙሉ ደርቀው ቅርፊት እስኪሆኑ ድረስ ይተላለፋል፤ ይህም ሽፍታው ከወጣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ትልቅ ሰው ላይ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይህን በጽሑፍ ላኩለት፣ ከሐኪም ማስረጃ ጋር። ሌላ ጥያቄ አልመጣም።

ቅርፊቶቹን ራሳቸው እስኪወድቁ ተውኳቸው። ግንባሬ ላይ አንድ ጎድጎድ ያለ ቀርቷል፣ እሱ የሚጠፋ አይመስለኝም። ሌሎቹ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ከረሙና በየወሩ እየደበዘዙ ሄዱ፤ አዲሱን ቆዳ ፀሐይ የበለጠ ስለሚያጠቁረው ሰንስክሪን እቀባ ነበር።

ቫይረሱ ግን አልሄደም። ከነርቭ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲደክም አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ለሱም ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጥ ሌላ ክትባት አለ። የጉድፉን ክትባት የሠራው ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ነው፣ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ)። የገዛ ልጁ በጉድፍ ክፉኛ ሲሠቃይ አይቶ ነው ወደዚያ የገባው።

አልያዘኝም ብሎ ለሚያስብ አዋቂ የደም ምርመራ አለ፤ መከላከያ ከሌለው ክትባቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ በመሀሉ ቢያንስ 4 ሳምንት ተቆጥሮ። የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ለማርገዝ ያሰበችም ከመርፌው በኋላ አንድ ወር ትጠብቃለች። ጓደኛዬ ሁለተኛውን ገና አልወሰደም፤ ጥቂት ነጠብጣብ ስለወጣበት ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ሊጠይቅ ቀጠሮ ይዟል።