ቁልቢ ገብርኤል ሲስተርን ላከልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

«እናቴን ብታተርፍልኝ ጥላ አስገባለሁ፣ ለሰውም እናገራለሁ» ብዬ ለቁልቢው ገብርኤል ተስዬ ነበር። ጥላው ገብቷል። ይሄ ደግሞ የቀረው ነው።

እማዬ ስኳር አለባት፣ ግፊትም አለባት። ነገሩ የሆነው ግንቦት ላይ ነው። ድሬ በግንቦት እንዴት እንደምትነድ የኖረባት ያውቀዋል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ እንኳ ላብ በጀርባ ይወርዳል። ስለዚህ እማዬ ከጠዋት ጀምራ «ደከመኝ፣ አቅለሸለሸኝ» ስትል ሙቀቱ ነው ተባለ። መንጋጋዋን አመማት፤ ጥርሴ ነው አለች። ከእምብርቷ በላይ ጫን አላት፤ ጨጓራዬ ተነሳ አለች። ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ሆዷን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ጨጓራ ነው፣ ቁርስ አትዝለዪ» አሉና ኪኒን ሰጥተው መለሱን። ልቧን በማሽን የሚያያት ሰው አልነበረም። እኛ አገር ከአንገት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ጨጓራ ካልሆነ ብርድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባሰባት። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ትንፋሽ አጠራት። ሥዕሉ ፊት ተንበርክኬ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ እናቴን አውጣልኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ደግሜ ደጋግሜ እሱኑ አልኩት።

በሩ ተንኳኳ። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ሙስሊም ናት፣ ነርስ ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። አዳር ተረኛ ስለነበረች በዚያ ሰዓት ተኝታ መሆን ነበረባት። ሙቀቱ እንቅልፍ ከልክሏት፣ ጆግ ይዛ በረዶ ልትጠይቀን ነው የመጣችው።

እማዬን አየቻትና ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካ አደረገች። ድሬ ላይ ማላብ ምልክት አይደለም፣ ሁላችንም እናልባለን። የእኛ ላብ ግን ትኩስ ነው። የእማዬ ላብ ቀዝቃዛ ነበር፤ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ።

«እማማ፣ ክንድሽን ይከብድሻል?»

«ግራውን። ተኝቼበት ይሆናል።»

ወደ እኔ ዞረች። «አቦ ይሄ ጨጓራ አይደለም። ልብ ነው። መኪና ፈልጊ!»

አስፕሪን ለሰውነቷ ይስማማት እንደሆነ፣ ደም አስመልሷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችን። ምንም የለም ስንላት 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አስላመጠቻት። ተላምጦ ሲዋጥ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል አለች። እማዬ ልትነሳ ስትል ተቆጣቻት፤ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትራመድ። ወንዶቹ ከነወንበሯ ተሸክመው መኪና ውስጥ አስገቧት።

ሆስፒታል እንደደረስን ኢሲጂ፣ ማለትም በማሽን የሚደረግ የልብ ምርመራ፣ ተነሳች። ሃርት አታክ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያሳየ አስረዳን። ልብን ራሱን የሚመግበው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ ተጠራቅሞ ይቆያል። ስቡ ሲሰነጠቅ ላዩ ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ደም ያጣው የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል፤ በቆየ ቁጥር የሚሞተው ይበዛል። ደረቷን ለምን እንዳላመማት ጠየቅኩት። ስኳር ነርቭ ስለሚጎዳ ያ ደረትን አንቆ የሚይዘው ሕመም ላይሰማ ይችላል አለኝ። ሴቶችና አረጋውያን ላይም አንዳንዴ እንዲህ በድካም፣ በማቅለሽለሽ፣ በመንጋጋ ወይም በጀርባ ሕመም ብቻ ይመጣል።

በዚህ መሃል «ጫት ትቅሚያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እማዬ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና ተቀየመችው! ሐኪሙ ግን ጥፋት አልነበረበትም። ጫት የልብ ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የደም ሥር ያጠባል። ጥግ ላይ የቆመው አጎቴ ጆሮው ቆመ። አሁን በርጫውን ቀንሻለሁ ይላል። እኔ አላምነውም።

ደም የሚያቀጥን መርፌ ተወጋች፣ ሌሎች መድኃኒቶችም ተጨመሩ። ሲረጋጋላት በአውሮፕላን አዲስ አበባ ወሰድናት። እዚያ ከእጅ አንጓዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ የተዘጋውን ቦታ በፊኛ ከፍተው ስቴንት፣ ማለትም የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ አደረጉላት። ወጪውን አታንሱብኝ። ዘመድ አዋጣ፣ ሰፈር አዋጣ፣ የመስጊዱ ሰዎች ሳይቀሩ አዋጡ።

«ያዳነቻት ሲስተር ናት እንጂ ገብርኤል ምን አደረገ?» የሚሉኝ አሉ። እሷን በዚያ ሰዓት ከአልጋዋ ማን አስነሳት? መልአኩ በነጭ ፈረስ እንዲመጣልኝ አልጠበቅኩም፤ ፈረሱ የጊዮርጊስ ነው። እኔ የለመንኩት እናቴን እንዲያወጣልኝ ነው፣ በማን እጅ የሚለውን ለሱ ትቼዋለሁ።

ከተመለስን በኋላ አንዳንድ የማኅበር ጓደኞቿ ኪኒኑን ተይና ጸበሉን ብቻ ያዢ አሏት። ስቴንት የገባለት ሰው ደም ማቅጠኛውን በራሱ ጊዜ ካቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ ሃርት አታኩም ሊመለስ እንደሚችል አስጠንቅቀውን ነበር። እኔ ተከራክሬ አልቻልኳትም። የነፍስ አባቷ ናቸው የገላገሉኝ። «ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ። ሐኪሙንስ ማን ፈጠረው?» አሏት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለለችም።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጣን። ድሮ ያንን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በእግሯ ነበር የምትሄደው። ዘንድሮ በመኪና ነው፤ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ እግረኞቹን እያየች ስታጉረመርም ነበር። ጥላውን አስገባን። ሲስተርም ለሻማ ብላ ብር ልካ ነበር፣ እሱንም አደረስኩ። እማዬ አሁን ለከርሞው በእግሬ ልሂድ እያለች ሐኪሟን እየለመነች ነው።